ኦርኪድ በጎንደር ቤቶች፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ክረምቱ ሲወጣ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ከሚደርሱ የተክል ጥያቄዎች መካከል ዘንድሮ የበዙት ስለ ኦርኪድ የሚጠይቁ ናቸው። ደብዳቤዎቹን ስናነብ አብዛኞቹ ችግሮች ከአንድ ምንጭ እንደሚነሡ ተረድተናል፤ ይኸውም ኦርኪድን እንደ ጽጌረዳ ወይም እንደ ጤና አዳም አፈር ውስጥ ተክሎ በየዕለቱ ውሃ ማጠጣት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ደብዳቤ በሰፊው መልሰን ሌሎቹን እንደየክብደታቸው እናያቸዋለን።

ጥያቄ፦ ልጄ ለትንሣኤ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ነጭ አበባ ያለው ኦርኪድ አምጥታልኝ ነበር። የመጣበት የፕላስቲክ ዕቃ የእንጨት ቅርፊት ብቻ እንጂ አፈር የሚባል ነገር ስላልነበረው፣ እንዳይጎዳብኝ ብዬ ጥቁር አፈርና የደረቀ ፍግ ወዳዘጋጀሁበት ማሰሮ አዛወርኩትና ጠዋት ጠዋት አጠጣው ጀመር። ሐምሌ ላይ ቅጠሎቹ ልፍስፍስ ብለው ተሸበሸቡ። የጠማው መስሎኝ ውሃውን ብጨምርለት ባሰበት። አሁን የቀሩት ሁለት ቅጠሎች ብቻ ናቸው። ይድን ይሆን? (አንዲት እናት፣ ከማራኪ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እናታችን፣ ሊድን ይችላል፤ ነገር ግን ዛሬውኑ ከአፈሩ መውጣት አለበት።

ከገለጹልን መልኩና ከመጣበት ዕቃ እንደምንገምተው የእርስዎ ተክል ፋሌኖፕሲስ የሚባለው የኦርኪድ ዓይነት ነው። የትውልድ አገሩ እንደ ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ ያሉ ሞቃትና እርጥብ ደኖች ሲሆኑ፣ በዚያም የሚኖረው በአብዛኛው መሬት ላይ ሳይሆን የዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ ነው። ዛፉን መቆሚያ ያደርገዋል እንጂ ምግቡን አይወስድበትም። ሥሮቹ በአየር ላይ ተንጠልጥለው ስለሚኖሩ ዝናብ ሲጥል ይርሳሉ፣ ሲያባራ ደግሞ ነፋስ ያደርቃቸዋል። ለዚህ ኑሮ እንዲመቻቸውም ቬላመን በሚባል ስፖንጅ መሰል ሽፋን ተለብጠዋል፤ ሽፋኑ ያገኘውን ውሃ ፈጥኖ መጥጦ ይይዛል፣ ከዚያም ወደ ውስጠኛው የሥሩ ክፍል ያስተላልፋል። እንዲህ ያለው ሥር ውሃ የሚፈልገውን ያህል አየርም ይፈልጋል።

ጥቁር አፈር አንድ ጊዜ ከረጠበ ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዝ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይዘጋል። አየር ያጣው ሥር ታፍኖ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ ወደ ቅጠሉ ማድረስ አይችልም። ቅጠሎቹ የተሸበሸቡት ለዚህ ነው፤ ተክሉ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ውሃ አጣ። የጠማው ኦርኪድና ውሃ የበዛበት ኦርኪድ ቅጠላቸው ስለሚመሳሰል ቅጠል ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። እርስዎ ያደረጉት ለአብዛኛው ተክል ትክክል በሆነ ነበር፤ ለኦርኪድ ግን ምንጊዜም አስቀድሞ ሥሩን ማየት ያስፈልጋል።

ተክሉን ከማሰሮው አውጥተው ሥሩን ለብ ባለ ውሃ በቀስታ ይጠቡት፤ አፈሩ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ አለበት። ከዚያ እያንዳንዱን ሥር በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ መካከል ያዝ አድርገው ጫን ይበሉት። ጤነኛ ሥር ጠንከር ያለ ነው፤ ሲደርቅ ብርማ ግራጫ፣ ሲረጥብ አረንጓዴ ይሆናል። የሞተው ቡናማ ሆኖ ይላሽቃል፣ ሳብ ሲያደርጉት ሽፋኑ ተንሸራትቶ እጅዎ ላይ ይቀርና ውስጡ የነበረው ክር የመሰለ ቀጭን ነገር ብቻውን ይታያል። ይህን የመሰለውን ሁሉ በአልኮል በጸዳ መቀስ እስከ ጤነኛው ቦታ ድረስ ይቁረጡት፤ ቢያሳዝንም ማስቀረት አይጠቅምም፣ መበስበሱ ወደ ሌላው ይዛመታልና። የተቆረጠው ጫፍ ላይ የተፈጨ ቀረፋ ነስነስ ማድረግ ሻጋታን ለመከላከል ይረዳል፤ ቀረፋ የማድረቅ ጠባይ ስላለው ግን ጤነኛው ሥር ላይ እንዳይበተን ይጠንቀቁ። ከዚህ በኋላ ተክሉን ለአንድ ቀን ጥላ ባለበት ስፍራ ያሳድሩትና ቁስሉ ይድረቅ።

ለመትከያ የሚሆነውን ከሩቅ ማስመጣት አያስፈልግዎትም። ከሰል በየሰፈሩ አለ። የአውራ ጣት ጫፍ በሚያህል መጠን ይሰባብሩት፣ ብናኙ እስኪወጣ በደንብ ይጠቡት፤ ከተገኘም ከፓቱላ ዛፍ ግንድ የታችኛው ክፍል የተላጠ ወፍራም ቅርፊት በተመሳሳይ መጠን ቆራርጠው፣ ቀቅለውና አቀዝቅዘው ከከሰሉ ጋር ያደባልቁት። ዕቃውም ብርሃን የሚያሳልፍ ቢሆን ይመረጣል። በተለምዶ ሃይላንድ የምንለውን ባለ 2 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ከወገቡ ቆርጠው ግርጌውንና ጎኑን በጋለ ምስማር በብዛት ቢበሱት ከማንኛውም የሚያምር ማሰሮ ይሻላል፣ ምክንያቱም ሥሩን ሳይነቅሉ ቀለሙን ከውጭ ማየት ያስችልዎታል። ለእንግዳ ዓይን እንዲያምር ከፈለጉ ፕላስቲኩን ሰፋ ያለ ጌጠኛ ማሰሮ ውስጥ ማስገባት ይችላሉ፤ ማሰሮው ግርጌ ውሃ እንዳይጠራቀም ብቻ ይከታተሉ።

ውሃ የሚጠጣበትን ቀን የሚወስነው የሥሩ ቀለምና የዕቃው ክብደት ነው። ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ውሃ አይጨመርም፤ ወደ ብርማ ግራጫ ሲለወጥና ዕቃው ሲያነሡት ሲቀልል ይጠጣል። በዚህ መሠረት በጎንደር አየር በመጋቢትና በሚያዝያ በ4 ወይም በ5 ቀን አንዴ ውሃ ሊያስፈልገው ይችላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ደመናውና እርጥበቱ ስለሚያቆየው እስከ 10 ቀንና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ብዙ ኦርኪድ በከተማችን የሚሞተው በበጋው ድርቀት ሳይሆን በክረምቱ ውሃ ነው ብለን የምናምነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሲያጠጡ ጠዋት ይሁን፤ ውሃው በቀዳዳዎቹ እስኪወርድ ያፍስሱለት፣ ከዚያም ጠፈፍ ይበል። በቅጠሎቹ መሐል፣ አዲስ ቅጠል በሚወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ከቀረ በለስላሳ ወረቀት ያድርቁት፤ እዚያ ያደረ ውሃ የተክሉን እምብርት ያበሰብሳል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በጀሪካን ያቆዩትን ቢጠቀሙ ችግር የለውም፤ እንዲያውም የክፍሉን ሙቀት ስለሚይዝ ከቧንቧ በቀጥታ ከወረደው ቀዝቃዛ ውሃ ይሻላል። የዝናብ ውሃ ከሁሉም ይመረጣል።

ሁለት ቅጠል ይዞ የቀረ ተክል አቅሙን እስኪያገግም ረጅም ጊዜ ይወስዳል። አዲስ ሥር ማውጣቱን እንጂ ማበቡን አይጠብቁ፤ በዚህ ወቅት የአበባ ዘንግ ቢያወጣ እንኳ ቆርጠው ቢያስወግዱለት ኃይሉን ለሥሩ ይቆጥባል። ማዳበሪያም አዲስ ሥር እስኪያዩ ድረስ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ያሉት መስኮቶች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚያዩ ብቻ ናቸው። የማነባቸው ምክሮች የተጻፉት ለሌላ አገር ስለሆነ ግራ ተጋባሁ። ባለፈው በጋ ደቡብ መስኮት ላይ ባስቀመጥኩት ጊዜ ቅጠሉ ላይ ነጭ ጠባሳ ወጣበት። የት ላድርገው? (አንድ መምህር፣ ከአራዳ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። አብዛኛው ምክር የተጻፈው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለምታልፍባቸው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ከተሞች ነው። ጎንደር ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ በደቡብ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ በሰሜን በኩል ታዘነብላለች። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗም የፀሐዩን ኃይል ያበረታዋል። ስለዚህ ተክሉን ከወቅቱ ጋር ቢያዘዋውሩት መልካም ነው። በጋውን በሰሜኑ መስኮት ይቆይ፤ ወይም በደቡቡ በኩል ከመስታወቱ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ስስ ነጭ መጋረጃ ተጋርዶለት ይቀመጥ። ያረጀ ነጠላ ለዚህ እጅግ ይስማማል፤ ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ንዳዱን ያስቀራል። በግንቦት ደመናው ሳይከብድ የሰሜኑም መስኮት መጋረጃ ያስፈልገዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ብርሃን ስለሚያንስ የትኛውም መስኮት ላይ ወደ መስታወቱ ያስጠጉት።

ቅጠሉ ራሱ ይነግርዎታል። በጣም ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ብርሃን አንሶታል፤ ወደ ቢጫነት ወይም ወደ ቀይነት ካደላ በዝቶበታል። በቀትር ቅጠሉን በመዳፍዎ ሲነኩት የሚያቃጥል ሙቀት ከተሰማዎት ሳይውል ሳያድር ያንሡት። የወጣው ጠባሳ አይጠፋም፣ ነገር ግን ደርቆ እስከቀረ ድረስ አይስፋፋምና ቅጠሉን መቁረጥ አያስፈልግም። ሌላው ብርድ ነው፤ ፋሌኖፕሲስ ከ15 ዲግሪ በታች ለብዙ ሌሊቶች ሲቆይ ስለሚጎዳ፣ በታኅሣሥና በጥር ማታ ማታ ከመስታወቱ አርቀው ወደ ክፍሉ መሐል፣ ከወለሉ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ያሳድሩት።

ጥያቄ፦ አበባው ሞልቶ የነበረውን ኦርኪዳችንን ለእንግዶች እንዲታይ ሳሎን አመጣነው። እዚያው ሳሎን ቡና ስለምናፈላ ረከቦቱ አጠገብ፣ የፍራፍሬ ሳህን ካለበት ጠረጴዛ ላይ ነበር የተቀመጠው። በሳምንት ውስጥ አበባው ጠውልጎ ረገፈ፣ ያልፈነዳው እንቡጥ እንኳ ቢጫ ሆነ። ውሃውም ብርሃኑም አልተጓደለበትም። ቡዳ ነው የሚሉም አልጠፉ። (የአዘዞ ነዋሪ)

መልስ፦ ምክንያቱ በአየሩ ውስጥ ይመስለናል። ኤትሊን የሚባል ቀለም የሌለው ጋዝ አለ፤ ተክሎች ራሳቸው ፍሬ ሲያበስሉና አበባ ሲያረግፉ የሚያመነጩት ሲሆን፣ እንጨት፣ ከሰልና ዕጣን በደንብ ሳይነድዱ ሲጤሱም ይወጣል። ኦርኪድ ለዚህ ጋዝ በጣም ስሱ ነው፤ ጥቂት መጠን ሲደርሰው ጊዜው እንዳለፈ ያህል አበባውን ይከድናል፣ እንቡጡን ይጥላል። የበሰለ ሙዝም ይህንኑ ጋዝ በብዛት ስለሚያወጣ ከፍራፍሬው ሳህንም ከረከቦቱም የመጣው በአንድ ክፍል ተደምሮበታል ማለት ነው። ሰዎች ሙዝን በከረጢት ቋጥረው ለማብሰል የሚጠቀሙበት ኃይል ይኸው ነው።

ቡናችሁን ተዉ የሚል ምክር ከእኛ አትሰሙም። ኦርኪዱ አበባ ሲይዝ ከሰል የማይነድድበት ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ ቡና ሲፈላም መስኮት ይከፈት፤ ሙዝና ማንጎም ከአጠገቡ ይራቁ። እንግዳ ሲመጣ ለጥቂት ሰዓት አምጥቶ ማሳየት ይቻላል። የፋሌኖፕሲስ አበባ በተስማማው ስፍራ ከ2 እስከ 3 ወር ስለሚቆይ፣ በሳምንት መርገፉ ተፈጥሯዊ አለመሆኑን ልብ ማለታችሁ መልካም ነበር። ቅጠሉና ሥሩ ጤነኛ ከሆኑ ተክሉ አልተጎዳም፤ በሚቀጥለው ወቅት ያብባል።

ጥያቄ፦ አበባው በተፈጥሮው ከረገፈ በኋላ ዘንጉ ይቆረጣል ወይስ ይተዋል? ደግሞስ ሁለተኛ እንዲያብብ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዘንጉ ደርቆ ቡናማ ከሆነ ከሥሩ ይቁረጡት። አረንጓዴ ከሆነና ተክሉም አራት ያህል ጠንካራ ቅጠሎች ካሉት ከታች ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን አንጓ ቆጥረው ከአንጓው ጥቂት ከፍ ብለው ቢቆርጡት፣ ከዚያ አንጓ ጎን ሌላ ዘንግ ሊወጣ ይችላል። እኔ ግን ተክሉ ደከም ያለ ከመሰለ ከግርጌው ቆርጦ ማሳረፍን እመርጣለሁ፤ ከአዲስ ዘንግ የሚወጣው አበባ ምንጊዜም የተሻለ ነው።

ፋሌኖፕሲስን ለማበብ የሚቀሰቅሰው ቀዝቀዝ ያለ አየር ነው። ቀኑ ከ25 ዲግሪ ሳይበልጥ፣ ሌሊቱም ወደ 16 እና 17 ዲግሪ ዝቅ እያለ ለጥቂት ሳምንታት ሲቆይ ዘንግ ማብቀል ይጀምራል፤ የጎንደር ጥቅምትና ኅዳር ይህን ያለ ድካም ይሰጠናል። ከቅጠል ሥር የምትወጣውን ቡቃያ ሥር ናት ወይስ ዘንግ ብለው ሲያመነቱ ጫፏን ይመልከቱ። ሥር ክብ፣ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ጫፍ አለው፤ የዘንግ ጫፍ ደግሞ ሾጠጥ ብሎ በጎኑ እጥፋት ይታይበታል። ዘንጉ እያደገ ሳለ ዕቃውን አያዙሩት፣ ወደ ብርሃን ስለሚታጠፍ ጠምዘዝ ብሎ ይቀራል። አበባ እስኪፈነዳ ከ2 እስከ 3 ወር ይታገሡ።

ጥያቄ፦ ከእርሻ የተረፈ ዩሪያ አለኝ። ላድርግለት?

መልስ፦ አያድርጉ። የዩሪያን ናይትሮጅን ተክል በቀላሉ የሚጠቀምበት በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ከለወጡት በኋላ ነው፤ በከሰልና በቅርፊት ውስጥ ይህ እንደ አፈሩ አይሆንም፣ የሚቀረው ጨውም ሥሩን ያቃጥላል። ለቤት ተክል የሚሸጠውን በውሃ የሚሟሟ የተመጣጠነ ማዳበሪያ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩብ ያህሉን ብቻ፣ ተክሉ በሚያድግበት ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ ይስጡት፤ በወር አንዴ ደግሞ በንጹሕ ውሃ ብቻ አለቅልቀው የተጠራቀመውን ጨው ያስወግዱ።

ጥያቄ፦ የአጎቴ ልጅ ከቦንጋ ሲመለስ ከጫካ ዛፍ ላይ ኦርኪድ ከነቅርንጫፉ ቆርጦ አመጣልኝ። ነጫጭ አበባ ያለውና ማታ ማታ የሚሸት ነው። እንዴት ላሳድገው? ጓደኞቼም እንዲያመጣላቸው እየጠየቁ ነው። (አንድ ወጣት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ በአገራችን ከ150 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች ይገኛሉ፤ ብዙ ሰው ይህን አለማወቁ ያሳዝነናል። ገሚሶቹ በደጋው ሣር መካከል በክረምት ብቅ ብለው በበጋ ወደ መሬት የሚመለሱ ናቸው፤ ሌሎቹ በተለይ በደቡብ ምዕራብ የቡና ደኖች ዛፍ ላይ ይኖራሉ። የእርስዎ ኤራንጂስ ከሚባለው ወገን ሊሆን ይችላል። የዚህ ወገን አበባ ከኋላው ረጅምና ቀጭን ቱቦ አለው፤ ማርን የሚመስለው ፈሳሹ ከቱቦው ግርጌ ስለሆነ የሚደርስበት ረጅም ምላስ ያለው የሌሊት የእሳት ራት ነው። ማታ የሚሸተውም እርሱን ለመጥራት ነው።

በእጅዎ ያለውን ለማትረፍ ከቅርንጫፉ አይለዩት። ቅርንጫፉን እንዳለ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይደርስበት፣ ነፋስ በሚያልፍበት በረንዳ ላይ ይስቀሉት። ካፋ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ሲያገኝ ጎንደር ግን ከኅዳር ጀምሮ ለረጅም ወራት ደረቅ ስለሆነች በበጋው በየጠዋቱ ሥሩ አረንጓዴ እስኪሆን ውሃ ይርጩለት፤ ከቀትር በፊት መድረቅ አለበት።

ለጓደኞችዎ ግን ሌላ እንዳይመጣ አጥብቀን እንለምናለን። የኦርኪድ ዘር ከዱቄት የደቀቀ ነው፤ አንድ ፍሬ እጅግ ብዙ ዘር ቢይዝም ዘሩ የራሱ ስንቅ ስለሌለው የሚበቅለው ተስማሚ ፈንገስ ሲያገኝና ፈንገሱ ሲመግበው ብቻ ነው። ከዚያም በኋላ ለማበብ ዓመታት ይፈልጋል። አንድ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ በቦታው ሌላ ቶሎ አይተካም። በአበባ መሸጫ የምናየው ኦርኪድ ከዚህ የተለየ መንገድ አለው፦ በ1922 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሉዊስ ክነድሰን የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት የኦርኪድን ዘር ያለ ፈንገስ፣ ስኳር ባለው ጄል ላይ ማብቀል እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ በቤተ ሙከራ ጠርሙስ በብዛት ይራባል። ጓደኞችዎ ይህን ይግዙ። የኦርኪድ ወገን በሙሉ ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት ሳይቴስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ስለሚጠበቅ፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የማይፈቀድ መሆኑንም ለሚመለከተው ይንገሩልን።

ጥያቄ፦ ለጎንደር ብርድ የሚስማማ ኦርኪድ አለ? ሲገዛስ ምን ይታያል?

መልስ፦ አለ፤ ሲምቢዲየም ይባላል። ቅጠሉ ረጅምና ሣር መሰል ሲሆን፣ ለገበያ የሚቀርቡት ትላልቅ አበባ ያላቸው ዓይነቶች በአብዛኛው የተገኙት ከሂማሊያ ተራሮች አካባቢ ዝርያዎች ነው። ፋሌኖፕሲስን የሚጎዳው የ10 እና የ12 ዲግሪ ሌሊት ለእርሱ የሚያስፈልገው ነው፤ ያለዚያ ዘንግ አያወጣም። ስለዚህ ከፒያሳ ከፍ ባለው ሰፈር ላለ ሰው፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ካለው፣ ሲምቢዲየምን አስቀድመን እንመርጣለን። ከፋሌኖፕሲስ ይልቅ ብዙ ብርሃን፣ በዕድገቱ ወቅትም ብዙ ውሃና ምግብ ይፈልጋል፤ ቅጠሉ ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ሲሆን ብርሃኑ በቂ ነው። ለመትከያው ከሰሉና ቅርፊቱ ደቀቅ ያለ ይሁን።

ሲገዙ አበባው የበዛውን ሳይሆን ገና ያልፈነዱ እንቡጦች ያሉትን ይምረጡ፤ ቤትዎ ብዙ ይቆያል። ግንዱ ሲነካ የማይነቃነቅ መሆኑን ይፈትሹ፣ ቅጠሉን ገልብጠው ብብቱን ይመልከቱ፤ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካለ ተባይ ነውና ይተዉት። ቤት ከገባ በኋላ ካዩት ደግሞ በአልኮል በተነከረ ጥጥ እየጠረጉ በየሳምንቱ ይድገሙት፤ እንቁላሉ ስለሚቀር አንድ ጊዜ መጥረግ አይበቃም። አዲሱን ተክል ከሌሎቹ ለይተው ለአንድ ወር ያህል ያቆዩት።